የአህያዋ ቁና

ተረት ተረት! የጎተራው በር ሲከፈት!

በአንድ አገር ጎተራው የእንስሳት ሁሉ፣ ቁልፉ ግን የአንበሳ ነበር። የራበው ሁሉ አንበሳ ደጅ ሄዶ ያወድሳል፤ ውዳሴው ካማረ ይሰፈርለታል። እህሉን በጀርባዋ አመላልሳ ጎተራውን የምትሞላው አህያ ግን ድምፅዋ ስለማያምር ጦሟን ታድር ነበር።

አንድ ቀን መረራት። ሸንጎ መሃል ቆማ፣ «ለእያንዳንዱ አፍ በየማለዳው አንድ ቁና ያለ ውዳሴ ይሰፈር። በሕግ ይደንገግ!» አለች።

አንበሳ ተቆጣ። «መቼ ከልክዬ አውቃለሁ? ለምኑኝ፣ እሰጣለሁ።»

«ጌታዬ፣ የሚሰጥ እጅ ሲያኮርፍ ይነሳል። ሕግ ግን አያኮርፍም።»

ብልጣብልጧ ጦጣ ሳቀች። «ሁሉም ከጠገበ ማን ይሠራል?»

«ተርቤ ስሸከም ኖሬያለሁ፤ እስቲ ደግሞ ጠግቤ ልሞክረው» አለች አህያ።

ከዚያም ከሸንጎው ንቅንቅ አልልም አለች። በሦስተኛው ቀን እህል የሚያመላልስ ጠፍቶ ጎተራው ሲጎድል ሸንጎው ሕጉን አጸደቀ።

በማግስቱ ሁሉም ድርሻውን በልቶ ወደ ሥራው ሄደ። አንበሳ ደጁ ላይ ጆሮውን አቁሞ ቢጠብቅ አወዳሽ ጠፋ። ድንገት አህያዋ ጭነቷን እንደተሸከመች ከዳገቱ ላይ አናፋች።

አንበሳ ደስ አለው። «እኔን እያወደሰች ነው?» ሲል ጦጣን ጠየቃት።

«የለም ጌታዬ» አለች ጦጣ ድርሻዋን እየቆረጠመች፤ «ጠግባ ነው።»

ተረቴን መልሱ፣ ድርሻችሁን አፍሱ።