መስታወቱ መንገዱን አላሳይ ያለ ለት

ተረት ልጀምር ነው።
«ጀምሪ፣ ግን በሩን ዝጊው፣ ብርድ ይገባል።»
በሩ ይዘጋ፣ ተረቱ ይከፈት።

ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ በታኅሣሥ፣ ውርጩ ጤዛውን ጨው በሚያስመስልበት ሰሞን፣ ሸዋንግዛው የሚባል ሾፌር ነበረ። አንዲት አሮጌ ፒካፕና ወለላ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረችው። ፒካፗ ስትሄድ ትንኳኳለች፣ ልጅቷ ግን ቆማም አታርፍም።

ያን ለት ጠዋት ሸዋንግዛው የፈለገው ትንሽ ነገር ነው፤ መንገዱን ማየት ብቻ። ከጣርማ በር ማዶ የልብ ጓደኛው የታምራት ልጅ አርባ ቀኑ ሞልቶ ክርስትና ይነሳል። የክርስትና አባቱ ሸዋንግዛው ነው። በሰዓቱ ካልደረሰ ልጁን ሌላ ሰው ያነሳዋል፣ ያ ደግሞ አንዴ ከሆነ ሆነ ነው፣ አይመለስም። የልጁን ማተብ በገዛ እጁ ነው የገመደው። ኪሱ ውስጥ ከትቶት በየደቂቃው ይዳብሰዋል።

ወለላ ማታውን ነግራው ነበር። «አባዬ፣ ይሄን የመስታወት ማጠቢያ ውሃ አውጣና የማይረጋውን ሰማያዊ ፈሳሽ ጨምርበት፣ ሌሊት ውርጭ አለ።»

«ውሃ ውሃ ነው» አለ አባቷ። «ለማጠቢያ ደግሞ ምን ምርጫ ያስፈልገዋል? አንቺን እናትሽ በምን አጥባ ነው ያሳደገችሽ?»

ጠዋት ሲወጣ መስታወቱ አመዳይ ለብሶ ጠበቀው። በመታወቂያው ፋቀው፣ ከኋላ ከኋላው መልሶ ለበሰ። የመኪናዋ ማሞቂያ እንደሆነ ከሞተ ቆይቷል። ሞተሩን አስነስቶ ኮፈኖውን ከፍቶ ሲያጎነብስ፣ ወለላ በወዲያ በኩል ቁጢጥ ብላ ድምጿን አቀጠነች።

«እኔ መስታወቱ ነኝ። መጥረጊያው ካልጠረገኝ መንገድ አላሳይም።»

አባቷ ወደ ሰማይ አየ።

«እኔ ደግሞ መጥረጊያው ነኝ። ውሃው ካልረጨኝ ደረቄን አልጠርግም።»

«ወለላ፣ ውጪ ከዚያ።»

«ወለላ የለችም። እኔ ውሃው ነኝ። ማታ ውሃ ውሃ ነው ተብዬ ነበር፣ ዛሬ ግን ድንጋይ ሆኜ አድሬያለሁ።»

እውነቷን ነው። ውሃው አልረጭ አለ፣ መጥረጊያው አልጠርግ አለ፣ መስታወቱ መንገዱን አላሳይ አለ፤ ሕፃኑ ደግሞ ክርስትና አባቱን ይጠብቃል።

አባቷ ሮጦ የፈላ ውሃ በማንቆርቆሪያ ይዞ መጣ። ወለላ እጁን ያዘችው። «የቀዘቀዘ መስታወት ላይ የፈላ ውሃ? ይሰነጠቃል እኮ። እርግጥ ያኔ መንገዱ በደንብ ይታይሃል፣ ንፋሱም አብሮ ይገባልሃል።»

«እሺ አረቄ። አረቄ አይረጋም።»

«መኪናህ አረቄ አረቄ እየሸተተ ቤተ ክርስቲያን ስትደርስ ቄሱ መጀመሪያ የሚያጠምቁት አንተን ነው።»

አባቷ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠ። «ሂጂ በይ፣ ያንን ሰማያዊሽን አምጪ።»

ወለላ ወደ ጋሽ ድንበሩ የመኪና ዕቃ መሸጫ በረረች። ሱቁ ዝግ ነው። ከኋላ ሄዳ የመኖሪያ ቤታቸውን በር አንኳኳች።

«ጋሽ ድንበሩ፣ ሱቁን ይክፈቱልኝ።»

«አንቺ ነሽ? ባለፈው ‹ሱቅዎ ተሰረቀ› ብለሽ በቁምጣ ያስሮጥሽኝ?»

«ያ ቀልድ ነበር። ዛሬ የምር ነው፣ ክርስትና ሊያልፍብን ነው።»

«የእኔም የምር ነው። ወገቤን ብርድ ይዞኛል፣ ጋቢዬን ሳልደርብ አልወጣም። ጋቢውን ደግሞ ድመቷ ወልዳበታለች፣ ሄደሽ ጠይቂያት።»

ወለላ ጓዳ ገብታ ጠየቀቻት። ድመቷ ልጆቿን ታቅፋ፣ ጥፍሯን አሳይታ «ሂስ» አለቻት። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ «ወተት ካልመጣልኝ ንቅንቅ አልልም።»

ድመቷ ከጋቢው አልነሳ አለች፣ ጋሽ ድንበሩ ሱቁን አልከፍት አሉ፣ ሰማያዊው ከመደርደሪያው አልወርድ አለ፣ ውሃው አልረጭ አለ፣ መጥረጊያው አልጠርግ አለ፣ መስታወቱ መንገዱን አላሳይ አለ፤ ሕፃኑ ደግሞ ክርስትና አባቱን ይጠብቃል።

ወተት! ጊዜው የነቢያት ጾም ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ ጾመኛ፣ ወተት በየቤቱ የለም። ድመት ግን መቼ ጹማ ታውቃለች? ወለላ ወደ እትዬ ብርጓል ላም ሮጠች። ጣሳ ደቅና ጡቷን ስትነካ ላሟ ዞር ብላ አየቻትና በጭራዋ ፊቷን አላሰቻት። ከእመቤቷ እጅ በቀር ለማንም አትሰጥም።

እትዬ ብርጓል ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ደጃቸው ላይ ቆመዋል።

«እትዬ ብርጓል፣ አንድ ጣሳ ይለቡልኝ።»

«ይሄን ልብስ ለብሼ? እኔ ዛሬ አላልብም።»

«የት ሊሄዱ ነው?»

«የትም። የታምራት ልጅ ክርስትና ነበር። አባትሽን ውሰደኝ ብለው ‹ጋቢናው ሞልቷል› አለኝ። በምን ሞላ? በአንቺ? አንቺ ከመቼ ወዲህ ነው ጋቢና የምትሞይው? እኔ እኮ አውቄዋለሁ፤ መንገዱን ሙሉ ታወራብኛለች ብሎ ፈርቶ ነው። እንግዲህ ይሄው ለብሼ ቆሜያለሁ፣ እስኪወስደኝ አላልብም።»

ወለላ ሳቋን ነጠላዋ ውስጥ ቀብራ ወደ አባቷ ተመለሰች። አባቷ ሰዓቱን ያያል፣ ማተቡን ይዳብሳል፣ ሰዓቱን ያያል።

«ሰማያዊው የታለ?»

«አባዬ፣ ትንፋሽህን ሰብስብና ስማ። እትዬ ብርጓል ላሟን አላልብ አሉ፣ ላሟ ወተት አልሰጥ አለች፣ ድመቷ ከጋቢው አልነሳ አለች፣ ጋሽ ድንበሩ ሱቁን አልከፍት አሉ፣ ሰማያዊው ከመደርደሪያው አልወርድ አለ፣ ውሃው አልረጭ አለ፣ መጥረጊያው አልጠርግ አለ፣ መስታወቱ መንገዱን አላሳይ አለ፤ ሕፃኑ ደግሞ አንተን ይጠብቃል።»

«እትዬ ብርጓል ለምንድን ነው የማያልቡት?»

«ጋቢና አልተሰጠኝም ብለው።»

ሸዋንግዛው ራሱን አከከ። «ባለፈው ከዚህ ደብረ ሲና እስክንደርስ የአንዲት ዶሮ ታሪክ አልጨረሱልኝም እኮ።»

«ዛሬ ይጨርሱታል።»

አባቷ መስታወቱን አየ፣ ማተቡን አየ፣ ከዚያ እንደ ተቀጣ ተማሪ እየተጎተተ ሄደ። «እትዬ ብርጓል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጋቢና ይግቡ፣ ወለላ መሃል ትጠጋለች።»

«አወራለሁ።»

«ያውሩ።»

«ዝም በይ አትለኝም።»

«አልልም።»

«በል ያን ጣሳ አቀብለኝ» አሉና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

እንግዲህ አሁን ያዙኝ! አባቷ ቃል ገባ፣ እትዬ ብርጓል አለቡ፣ ላሟ ወተት ሰጠች፣ ድመቷ ከጋቢው ወረደች፣ ጋሽ ድንበሩ ጋቢውን ከነድመት ፀጉሩ ደርበው ሱቁን ከፈቱ፣ ሰማያዊው ከመደርደሪያው...

ቆይ፣ ሰማያዊውማ ወዲያው አልወረደም። ሸዋንግዛው ዘው ብሎ ትልቁን አረንጓዴ ብልቃጥ አነሳ። «ይሄ ይሻላል፣ ሎሚ ሎሚ ይሸታል።»

«እሱ ለአዋሽ መንገድ ነው፣ መስታወት ላይ ለሚለጠፍ የቆላ ትንኝ» አሉ ጋሽ ድንበሩ። «እዚህ ከውሃህ ጋር አብሮ ይረጋል።»

«ይሄ ቀዩስ?»

«የራዲያተር ነው። መስታወትህን ቅባት ልታበላው ነው?»

ወለላ ሰማያዊውን አውርዳ ከአፍንጫው ሥር ያዘችለት። «የበረዶ ሥዕል ያለበትን፣ ከዜሮ በታች ስንት ድረስ እንደማይረጋ የተጻፈበትን ነው የምትመርጠው። አየህ? ለአንተ ብለው ሥዕልም ጨምረውበታል።»

«ውሃ እንዳትቀላቅልበት» አሉ ጋሽ ድንበሩ። «ከቀላቀልክበት ማታ ወደነበርክበት ተመለስክ። ደግሞ መርዝ ነው፣ ክዳኑን ግጠመው፣ ድመቴ እንዳትልሰው።»

ሰማያዊው ወረደ። መጀመሪያ መስታወቱ ላይ ፈሰሰ፣ አመዳዩ እንደ ቅቤ ቀለጠ። ሞተሩ ሲንኳኳ ስለቆየ ውሃውም በሙቀቱ ለቅቋል፤ አፈሰሱትና በቦታው ሰማያዊውን ሞሉት። ሰማያዊው ረጨ፣ መጥረጊያው ጠረገ፣ መስታወቱ መንገዱን አሳየ፤ ሸዋንግዛው መሪውን ያዘ።

ጣርማ በር ላይ ጉሙ ወረደ፣ ከፊት ያለው የጭነት መኪና ጭቃውን ረጨባቸው። ሸዋንግዛው ሰማያዊውን «ጭው» አደረገው፣ መስታወቱ እንደ ዓይን ጠራ። ወለላ በክርኗ ጎሸም አደረገችው፣ እሱ ግን ያላየ መሰለ። እትዬ ብርጓል የዶሮዋን ታሪክ እያወሩ ነው፤ ዶሮዋ ገና እንቁላሏንም አልጣለችም።

ሲደርሱ ሕፃኑ ከውሃው ሊወጣ ነው። የታምራት አማች ሊቀበል ክንዱን ዘርግቷል። ሸዋንግዛው በሰው መሃል ሰንጥቆ ገባና፣ «የእኔ ነው» አለ፣ ዝግ ብሎ። ታምራት ዞር ብሎ ሲያየው ዓይኑ እንባ አቀረረ። አማችየውም ክንዱን አጥፎ ወደ ኋላ አለ።

ሸዋንግዛው ልጁን ታቀፈው፣ የገመደው ማተብ አንገቱ ላይ ታሰረለት። ልጁ ክርስትና አባቱን አየ፣ አሰበ፣ ከዚያ የሸዋንግዛው ንጹሕ ጋቢ ላይ ሞቅ አድርጎ ሸናበት።

ወለላ ወደ አባቷ ጆሮ ተጠጋች። «አባዬ፣ ሰማያዊ ባይሆንም ይሄኛው አይረጋም።»

ሸዋንግዛው ሳቁን ዋጠ። ጋቢው እየራሰ ሄደ፣ እሱ ግን ልጁን ይበልጥ ወደ ደረቱ አስጠጋው።

«ውሃ ውሃ ነው» አለ።

ተረቴን መልሱልኝ፣ መስታወቴን በሰማያዊው አብሱልኝ።