አደራ የተሸከመችው ቅል

ቀረብ በሉ ልጆች፣ ተረት ልነግራችሁ ነው። «እሺ» የማይለኝ ካለ ከአሁኑ ይነሳና ይሂድ፤ እኔ ለግድግዳ አላወራም። እሺ? ጎሽ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳውም ዕቃውም አፍ አውጥቶ ይናገር በነበረበት ዘመን፣ አንዲት ጅግራ ነበረች። ደግ ነበረች፣ ቸር ነበረች፣ ግን ምን ያደርጋል፣ ይሉኝታ ያጠቃታል። ሰው ሲያስነጥስ እንኳ «ምን አጥፍቼ ይሆን?» ትላለች።

ጎረቤቷ አይጢት ነበረች። ባሏ ሞቶባት አራት ልጆች ብቻዋን ታሳድጋለች። በግንቦት መጨረሻ ያልታሰበ ጎርፍ ጉድጓዷ ገባና ለክረምት ያከማቸችውን እህል ጠራርጎ ወሰደው። ክረምቱ ሳይገባ እህል ካላገኘች ልጆቿ መስከረምን አያዩም።

ጅግራ አንጀቷ አልቻለም። የራሷ ልጆች መብረር የሚጀምሩበት ቀን ደርሶ ስለነበር ለጎረቤት ሁሉ እንዲህ ብላ አስነገረች፦ «የልጆቼን በረራ ላከብር ነው። የሚመጣ ሁሉ አንድ አንድ ጭብጥ ስንዴ ይዞ ይምጣ። የተሰበሰበው ለአይጢት ይሁን።» አይጢት ግን እንዳትሳቀቅ «ለደስታችን ነይ» ብቻ ተባለች።

በበዓሉ ጠዋት ጅግራ ትልቋን ቅል ደጃፍ ላይ አቆመቻት።

«ቅሌ፣ አደራ ያዥልኝ። የሚገባብሽ ስንዴ የአይጢት ነው።»

«እኔ እይዛለሁ» አለች ቅል። «አንቺ ብቻ ክንፍሽን ሰብስቢ።»

ለእንግዳ የተሰናዳው ቀዝቃዛ ውሃና የሾላ ፍሬ ነበር። እንግዶቹም ይህን አውቀው ነው የመጡት። ጥንቸል መጣች፣ ስንዴዋን አፈሰሰች። ጃርት መጣ፣ አፈሰሰ። ጦጣ መጣ፣ አፈሰሰ። ሌላውም ተከተለ፣ ቅል እስከ አንገቷ ሞላች። የጅግራ ልጆች ከጉቶው ላይ እየዘለሉ ፍርር ሲሉ እልልታው ቀለጠ።

እንግዶቹ ጥላ ሥር አረፍ አሉ። ጅግራ ዞር ብላ ብታይ የጥንቸል ከንፈር ይንቀሳቀሳል።

«ወይኔ!» አለች በልቧ። «‹ጠርታ በውሃ ሸኘችን› እያለች እያማችኝ ነው!» ወደ ቅል ሮጠች። «ቅሌ፣ ለቆሎ የምትሆን ትንሽ ስጪኝ።»

«የማን ነው?» አለች ቅል።

«የአይጢት ነው። ትንሽ ብቻ።»

ወሰደች፣ ቆላች፣ አቀረበች። እንግዶቹም በሉ። ሲቀርብላቸው ምን ያድርጉ?

ጥቂት ቆይቶ ጃርት እሾሁን ነቅነቅ አደረገ። «ተቆጣ!» አለች ጅግራ። «ቆሎው ጥርሱን አሞት ነው!» ወደ ቅል ሮጠች። «ቅሌ፣ ለንፍሮ የምትሆን ስጪኝ።»

«የማን ነው?»

«የአይጢት ነው። አሁን ብቻ፣ ከእንግዲህ አልነካም።»

ወሰደች፣ ቀቀለች፣ አቀረበች። በሉ።

ደግሞ ጥቂት ቆይቶ ጦጣ ራሱን አከከ። «‹ቂጣ እንኳ የሌለው ድግስ ምን ድግስ ነው› እያለ እያሰበ ነው» ብላ ጅግራ ለሦስተኛ ጊዜ ሮጠች። «የማን ነው?» አለች ቅል። ድምጿ አሁን ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚጣራ ሰው ርቋል። ጅግራ ፊቷን አዙራ ክንፏን ሰደደች። ወሰደች፣ ፈጨች፣ ለወሰች፣ ጋገረች። በሉ።

ይሄኔ አይጢት ከአራቱ ልጆቿ ጋር ደረሰች። በቅጠል የተጠቀለለች ትንሽ ነገር ይዛለች።

«ዘገየሁብሽ እትዬ ጅግራ» አለች። «ደስታ ቤት ባዶ እጄን መግባት ከብዶኝ ጎርፉ ከጣለው ጭቃ ውስጥ ስንዴ ስለቅም ነው። ልጆችሽን እግዜር ያሳድግልሽ።»

ደጃፍ ላይ የቆመችው ቅል የስጦታ ማኖሪያ መስላት ጭብጧን ውስጧ ገለበጠችው። ቅሏ ኳ፣ ኳ፣ ኳ አለች። እንግዶቹ ሁሉ ወደ ቅሏ ዞሩ። ሙሉ ቅል እንደዚያ እንደማይጮህ የማያውቅ አልነበረም።

«ጅግራ» አለች ቅል፣ «ይቺስ የማን ናት?»

ጅግራ መሬት ላይ ተደፋች። «አይጢት፣ ይህ ድግስ ላንቺ ነበር! ስንዴው ላንቺ ነበር! እንግዶቹ አሙኝ ብዬ የልጆችሽን ጉሮሮ ዘጋሁት!»

«ማን አማሽ?» አለች ጥንቸል ደንግጣ።

«ከንፈርሽ ሲንቀሳቀስ አይቼ…»

«እንዴ! እኔኮ ስተኛም ይንቀሳቀሳል! ስወለድም እንደዚሁ ነበር!»

«እኔ ዝንብ ነው ያባረርኩት» አለ ጃርት።

«እኔን ደግሞ በላኝና አከክሁ» አለ ጦጣ። «ውሃውማ ጣፍጦኝ ነበር።»

የበሉትም አፈሩ። ለምን ከየት መጣ ብለው አልጠየቁም? ጥንቸል እየዘለለች ቤቷ ሄዳ ሌላ ስንዴ አመጣች፣ ጃርትና ጦጣም አመጡ። ያላቸው የመጀመሪያውን ያህል አልነበረም። ጅግራ ለራሷ ክረምት ካስቀመጠችው ላይ ግማሹን ስትጨምርበት ግን ቅል እንደገና እስከ አንገቷ ሞላች። ጅግራም የቅሏን አፍ በገመድ ጥፍር አድርጋ አሰረችና ለአይጢት ሰጠቻት።

«ያቺ ያመጣሻት ጭብጥም ውስጧ ናት፣ አብረን እንመልስልሽ?» አለች።

አይጢት ቀና ብላ አየቻት። «እንዳታደርጊው! እኔም እንደ ሰው ድግስ መጥቻለሁ። የእኔን ጭብጥ አውጥታችሁ ለእንግዳ ቁሉልኝ።»

ገመዱ ተፈታ፣ አንዲት ጭብጥ ወጣች፣ ተቆላች። ለእያንዳንዱ እንግዳ አንድ አንድ ፍሬ ደረሰው። ጥንቸል የራሷን ፍሬ ቀስ ብላ አላመጠች። ከንፈሯም መንቀሳቀሱን አላቆመም፣ ጅግራ ግን ዳግመኛ ከመቀመጫዋ አልተነሳችም።

እንግዲህ ልጆች፣ ለተቸገረ ብላችሁ ስትደግሱ የድግሱን ማማር አትዩ፣ የተቸገረውን ልጅ ሆድ እዩ። ተረቴ አለቀ፣ ጉሮሮዬም ደረቀ። በሉ አንዳችሁ አንድ ነገር አቅምሱኝ። ውሃ ብቻ ብትሆን አላማችሁም።