ለፋኖስ ቤት የተለመነ ዘፈን

ተረት ላውጋችሁ። ያልኩትን ብደጋግም አትሰልቹ፤ ሰንሰለት ያለ ቀለበት አይረዝምም።

በወሎ ምድር፣ በአንዲት ዳገታማ ከተማ፣ አረጋሽ የምትባል ሴት ነበረች። አረጋሽ ባለ አንድ ክፍል ሙዚየም ነበራት። ኩራዙ፣ ማሾው፣ ፋኖሱ፣ ኤሌክትሪክ ሳይገባ በፊት ከተማው ያመሸበት መብራት ሁሉ እዚያ ተደርድሮ ይታያል። ሰው ቤቷን "ፋኖስ ቤት" ይለው ነበር። ከእሷ ከፍ ብሎ ዳገቱ ላይ ደግሞ የሰይድ ሙዚየም አለ፤ አሮጌ ራዲዮኖች የሞሉበት ራዲዮ ቤት።

አንድ ዓመት ከተማው የኅብረት ዘፈን በዓል ደገሰ። ሰፈር ሁሉ ይዝፈን፣ ትንንሾቹ ሙዚየሞችም በራቸውን ከፍተው ዘፋኝ ያስተናግዱ ተባለ። ትልቁ የከተማው የዘፈን ቡድን ለሰይድ ራዲዮ ቤት ተመደበ። ለአረጋሽ ግን ማንም አልተመደበም። "ቤቷ ጠባብ ነው" አሉ።

አረጋሽ ይህን ስትሰማ ሆዷ ተቃጠለ። ቡድኑ ለልምምድ ዳገቱን ሲወጣ በመስኮት ታያለች፤ ቀናች እንዳይሏት መጋረጃውን ትዘጋለች፤ ደግሞ በመጋረጃው ጠርዝ ታያለች። በመጨረሻ አልቻለችም።

"አንድ ዘፈን" አለች ለራሷ። "አንድ ብቻ፣ እዚህ ቤት ይዘፈንልኝ።" ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወጣች።

መጀመሪያ የሰፈሩን ሴቶች ወደምታዘፍነው ወደ ብርቄ ሄደች።

"ብርቄ፣ በሞቴ፣ ለበዓሉ ፋኖስ ቤቴ ውስጥ አንድ ዘፈን ዝፈኑልኝ።"

"ደስ ባለኝ ነበር" አለች ብርቄ። "ግን ያለ ከበሮ አንዘፍንም። ይመር ደግሞ አልመታም ብሎ አኩርፏል።"

አረጋሽ ወደ ከበሮ መቺው ወደ ይመር ሄደች። "ይመር ወንድሜ፣ አንተ ካልመታህ ብርቄ አትዘፍንም፤ ብርቄ ካልዘፈነች ፋኖስ ቤቴ ያለ ዘፈን መቅረቱ ነው። ምነው ብትመታ?"

ይመር አቀርቅሮ የከበሮውን ጠፍር ነካካ። "የበዓሉን ሥዕል አደባባይ ላይ አላየሽም? አበጋዝ ከነማሲንቆው መሃል ላይ ጉብ ብሏል። የኔ እጅ ብቻ ጥግ ላይ ትታያለች። እሱ መጥቶ አጠገቤ ካልተቀመጠ፣ ሰው ሁለታችንን እኩል ካላየ፣ አልመታም።"

አረጋሽ ወደ ማሲንቆ መቺው ወደ አበጋዝ ሄደች። "አበጋዝ፣ አንተ ካልመጣህ ይመር አይመታም፤ ይመር ካልመታ ብርቄ አትዘፍንም፤ ብርቄ ካልዘፈነች ፋኖስ ቤቴ ያለ ዘፈን መቅረቱ ነው። ምነው ብትመጣ?"

"ምኔን ይዤ?" አለ አበጋዝ። "ማሲንቆዬን እትዬ ዘምዘም ለሙዚየሜ ብለው ወሰዱት። እኔም ደግ ብዬ ሰጠሁ። አሁን መስታወት ውስጥ ተቀምጦ ሰው ፎቶ ያነሳዋል፤ እኔ አጠገቡ ብቆም ማነህ የሚለኝ የለም። ምን ልበልሽ፣ በገዛ ማሲንቆዬ ቀናሁ። እሱ ካልወጣ እኔም ከቤቴ አልወጣም።"

አረጋሽ ወደ እትዬ ዘምዘም ሄደች። ዘምዘም የዘፈን መሣሪያ ሙዚየም ያላቸው ትልቅ ሴት ናቸው። "እትዬ፣ እርስዎ መስታወቱን ካልከፈቱ አበጋዝ አይመጣም፤ አበጋዝ ካልመጣ ይመር አይመታም፤ ይመር ካልመታ ብርቄ አትዘፍንም፤ ብርቄ ካልዘፈነች ፋኖስ ቤቴ ያለ ዘፈን መቅረቱ ነው። ምነው ቢከፍቱ?"

"ክራሩ እኔ ቤት፣ ዋሽንቱ እኔ ቤት" አሉ ዘምዘም። "ዘፋኙ ግን ሰይድ ቤት። ሰይድ ምን አለው? ዝም ያለ ራዲዮ። የቡድኑን እኩሌታ ካልላከልኝ መስታወቱን አልከፍትም።"

አረጋሽ በሆዷ ያለውን ቃል ከሌላ ሰው አፍ ስትሰማ ደስ አላት። ደስታዋ ግን ከዘምዘም ደጃፍ አልዘለለም፤ የቀራት ሰይድ ነበርና። ዳገቱን ወጣች። በሩን አይታ እንዳላየች አለፈችው። ተመልሳ አንኳኳች።

ሰይድ ከፈተ። እሷም ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ተናገረች። "ሰይድ፣ አንተ የቡድኑን እኩሌታ ካልላክህ ዘምዘም አይከፍቱም፤ ዘምዘም ካልከፈቱ አበጋዝ አይመጣም፤ አበጋዝ ካልመጣ ይመር አይመታም፤ ይመር ካልመታ ብርቄ አትዘፍንም፤ ብርቄ ካልዘፈነች ፋኖስ ቤቴ ያለ ዘፈን መቅረቱ ነው። ምነው ብትልክ?"



"ይህን ያህል ዘመን ጎረቤት ሆነን ቤቴን ረግጠሽ ታውቂያለሽ?" አላት። "እንግዳ ካንቺ ቤት ወጥቶ እኔ ጋ ሲመጣ የሚያወራው ስላንቺ ነው። 'ሴትዮዋ ስታስረዳ' ይለኛል፤ ራዲዮውን አያየውም። እኔ እዚህ ሆዴ እርር ይላል። አንቺ ግን በሬን ስታልፊ ፊትሽን ታዞሪያለሽ። ገብተሽ አንድ ራዲዮ እንኳ ካላየሽልኝ አልልክም።"

አረጋሽ ክው አለች። የተቃጠለችው እሷ ብቻ ትመስላት ነበር። ስትለምን መዋሉ ቀልሏት ነበር፤ ያንን ደፍ መሻገር ግን ከበዳት። ሆኖም ገባች።

አስቀያሚ ሆኖ ባገኘሁት ብላ ተመኘች። አልሆነላትም። ራዲዮኖቹ ተወልውለው፣ እያንዳንዳቸው የዳንቴል ልብስ ለብሰው ተደርድረዋል። የአንዱ መዘውር ከመነካት ብዛት ሙልጭ ብሏል።

"ይህን የጨረሰው የማን ጣት ነው?" አለች።

"የእናቴ። ዓይናቸው ጠፍቶ ነበር። የአገሩን ወሬ በዚህ ነበር የሚከታተሉት።"

አረጋሽ ጣቷን መዘውሩ ላይ አሳረፈች። ቃሉ በግድ ወጣ፤ እውነት ግን ነበር። "ቤትህ ያምራል ሰይድ። ቀድሞ መምጣት ነበረብኝ።"

ሰይድ ወደ ግድግዳው ዞሮ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ።

ከዚያማ ምን ችግር አለ? አረጋሽ ራዲዮውን አየች፤ ሰይድ የቡድኑን እኩሌታ ላከ፤ ዘምዘም መስታወቱን ከፈቱ፤ አበጋዝ ማሲንቆውን ታቅፎ መጣ፤ ይመር አጠገቡ ተቀምጦ ከበሮውን መታ፤ ብርቄም ሴቶቿን አስከትላ ፋኖስ ቤት ገባች።

በበዓሉ ቀን ያቺ ጠባብ ክፍል ሞልታ ሰው እስከ ደጅ ቆመ። ከበሮው ሲመታ የፋኖሶቹ ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል። ዘፈኑ መሃል ላይ ሰይድ የራሱን ዘፋኞች ትቶ ዳገቱን ወረደና በሩን ተደግፎ ሰማ።

"የኔ ቤት ዘፈን እንዲህ አላማረም" አለ ቅር ብሎት።

አረጋሽ ይህችን ቃል ከሰይድ አፍ ለመስማት ምን ያህል ተመኝታ ነበር። ጣፈጠቻት፤ የጠበቀችውን ያህል ግን አልሆነም። አግዳሚው ላይ ጠጋ አለችለት።

"ቁጭ በልና ተቀበል።"

ሰይድ ተቀምጦ ተቀበለ። ድምፁ ከእሷ ድምፅ ይበልጥ ነበር። አረጋሽ ቀናች፤ ቀናችና እሷም ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

የኔ ወሬ እዚህ ላይ ያበቃል። ያልጠገበ ጎረቤቱን ይጠይቅ።