ለፒስቶን ቀድማ የተነሣችው ካንዴላ

የእጅ ጽሑፌ ስለማያምርና ፊደልም ስለምገድፍ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ነው፤ እሱንም እንደ ምንም። ሰው ፊት ቆሜ ማውራት ስለማልችል ተረቴን በወረቀት አመጣሁት። እናንተ ግን ፊት ለፊቴ እንደተቀመጣችሁ ሁሉ "እሺ" እያላችሁ አንብቡልኝ።

እሺ?

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት መኪና በሚነዱበት፣ መኪናም እንደ ሰው በምትናገርበት ዘመን፣ አያ ከርከሮ የሚባል ነበረ። አያ ከርከሮ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ ዝቅ ያለች፣ ቀይ የእሽቅድምድም መኪና ነበረችው።

በዚያ አገር ከአንድ ዳገት አናት አለፍ ብሎ አንድ ምንጭ ነበረ። በበጋ ሌላው ውሃ ሁሉ ሲደርቅ እሱ ብቻ አይደርቅም። ሕጉም እንዲህ ነበር፦ በጋው ሊገባ ሲል መኪና ያለው ሁሉ ዳገቱን ይሽቀዳደማል፤ የቀደመ ምንጩን ይጠብቃል። አምና የቀደመው አያ ነብሮ ነበር። ነብር በተቀመጠበት ምንጭ የከርከሮ ግልገል እንዴት አድርጎ ይጠጣል? ግልገሎቹ በጋውን ሙሉ የደረቀ ጭቃ ሲልሱ አሳለፉ። ከርከሮን ያንገበገበው ደግሞ ቀይዋ የተቀደመችው በጥቂት፣ በጣም በጥቂት መሆኑ ነው።

ዘንድሮም ወራቱ ደረሰ። አያ ነብሮ በትልቁ ጥቁር መኪናው መጥቶ ከከርከሮ ደጅ ቆመ።

"አያ ከርከሮ፣ ይቺን የቲማቲም ሣጥን ዘንድሮም ታወጣታለህ?"

"አወጣታለሁ፣ አያ ነብሮ።"

"እንግዲያው ልጆችህን ከአሁኑ ጥም አስለምዳቸው!" ብሎ እየሳቀ ሄደ።

ከርከሮ ራሱን ደፍቶ ቀረ። ይሄኔ ቀይዋ እንዲህ አለችው፦ "አይዞህ ጌታዬ። ትልቅ ሞተር አምጣ አልልህም፤ አዲስ ጎማም ግዛ አልልህም። የጎደለኝ ጥቂት ነው። ሞተሬ ውስጥ ነዳጁን የምትለኩሰው ካንዴላ እሳት የምትሰጥበትን ጊዜ ጥቂት አስቀድምልኝ።"

ከርከሮ ኮፈኑን ከፈተ። የእሳቱን ጊዜ የሚወስነውን እሳት አከፋፋይ የያዘውን ብሎን አላላ፣ አከፋፋዩን የፀጉር ያህል አዞረው፣ ብሎኑንም መልሶ አጠበቀ። ዳገቱን ወጡ።

"እንዴት ነሽ ቀይዋ?"

"ቀለለኝ!"

በማግስቱ ብሎኑን አላላ፣ ደግሞ የፀጉር ያህል አዞረው፣ መልሶ አጠበቀ። ዳገቱን ወጡ።

"እንዴት ነሽ ቀይዋ?"

"ይበልጥ ቀለለኝ! እንግዲህ እዚህ ላይ ተወው።"

ከርከሮ ግን ከርከሮ ነው፤ መቆፈር ከጀመረ መቆም አያውቅም። "የፀጉር ያህል ይህን ካደረገ የጣት ያህልማ ያስበርረናል!" አለና በሦስተኛው ቀን ብሎኑን አላልቶ የአውራ ጣት ያህል አዞረው። ዳገቱን መውጣት ሲጀምሩ፣ ቃ ቃ ቃ ቃ! ጠጠር ቆርቆሮ ላይ የሚዘንብ ይመስል ነበር።

"እንዴት ነሽ ቀይዋ?"

ቃ ቃ ቃ ቃ! ከርከሮ ደንግጦ አቆማትና ኮፈኑን ከፈተ። ሞተሩ ውስጥ ጠብ ተነሥቷል።

"ኧረ በሕግ አምላክ! ግንባሬን ፈነከተችኝ!" ይላል ሞተሩ ውስጥ ሽቅብ ቁልቁል የሚመላለሰው ፒስቶን።

"እኔ ምን አጠፋሁ? ላክብርህ ብዬ እኮ ነው ቶሎ የተነሣሁት!" ትላለች ካንዴላ።

"ይሄ ነው ማክበር? ገና ደረጃውን እየወጣሁ በሩን በርግደሽ ፊቴ ላይ ትወረወሪያለሽ?"

"ስዘገይም ትቆጣ ነበር!"

"አዎ! ያን ጊዜ ደግሞ ደርሼ፣ ተመልሼ ስወርድ ነው ከኋላዬ 'ኖር' የምትይኝ!"

በዚያ አገር እንግዳ ሲገባ የተቀመጠው ሁሉ ብድግ ብሎ "ኖር!" ይላል፤ እንግዳውም "በእግዜር፣ ተቀመጡ" ይላል። ከርከሮ ይህን ያውቅ ነበርና እንደ ሽማግሌ መሀል ገባ።

"እታለም ካንዴላ፣ እስቲ ንገሪኝ፤ ለእንግዳ መቼ ነው የሚነሡት?"

"ሲደርስ ነዋ።"

"ብድግ ማለት ጊዜ አይፈልግም? ነጠላ መሰብሰብ አለ፤ ጉልበት ማቃናት አለ።"

"ይፈልጋል። የኔም እሳት ተያይዞ እስኪነድ ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል።"

"እንግዲያው ደጃፉን ሊረግጥ ሲል መነሣት ትጀምሪያለሽ። እሱ ገብቶ ሲቆም አንቺም ቆመሽ ትጠብቂዋለሽ።"

"ያን ጊዜ ቁልቁል ብትገፋኝ" አለ ፒስቶን ግንባሩን እያሻሸ፣ "አገር ምድሩን አገላብጣለሁ!"

"ጥፋቱም የሷ አይደለም። ያጣደፍኳት እኔ ነኝ" አለ ከርከሮ። አከፋፋዩንም ትናንት ወደነበረበት መልሶ ብሎኑን አጠበቀ።

ለካስ እመት ጦጢት ዛፍ ላይ ሆና ያንን ድምፅ ሰምታ ኖሯል። መመለሱን ሳታይ ወደ ነብሮ በረረች።

"አያ ነብሮ፣ ጉድህ ፈላ! የከርከሮ መኪና ታጨበጭባለች!"

"ምን?"

"ዳገት ስትወጣ ቃ ቃ ቃ እያለች ለራሷ ታጨበጭባለች! እሳት አከፋፋዩን አዙሮላት ነው።"

"የሱ ካጨበጨበች የኔ እልል ይበል!" አለ ነብሮ፤ የራሱንም በጡጫ ያህል አዞረው።

የእሽቅድምድሙ ቀን አገሩ ሁሉ ወጣ። ጦጢት ቅጠል ጣለች፤ መኪኖቹ ተፈተለኩ። በመጀመሪያው ጥምዝ ጥቁሩ መኪና ርቆ ቀደመ። ግልገሎቹ ዓይናቸውን ጨፈኑ። በሁለተኛው ጥምዝ ጥቁሩ ቃ ቃ ቃ ማለት ጀመረ፤ ነብሮ ራሱን በመስኮት አውጥቶ "ሰማህ ከርከሮ? እያጨበጨበልኝ ነው!" አለ። በሦስተኛው ጥምዝ ጭብጨባው ድብደባ ሆነ። "ኧረ ተፈነከትን!" ብለው ፒስቶኖቹ ጮኹ፤ ከኮፈኑም እንፋሎት ወጣ። ነብሮ ሳይወድ እግሩን ከነዳጅ መስጫው አነሣ። ያም ሆኖ ሞተሩ ትልቅ ነውና ብዙ አልዘገየም።

ቀይዋ ግን እያንጎራጎረች መጣች፣ መጣች፣ አጠገቡ ደረሰች፤ የዳገቱ አናት ላይ በአንድ የፊት መብራት ያህል ቀደመችው!

ግልገሎቹ ማንንም አልጠበቁም። እየተጋፉ ሮጡና እስከ ጆሯቸው ምንጩ ውስጥ ገቡ። የነብሮ ሞተር ግን እዚያው አናቱ ላይ ቀጥ አለበት፤ መኪናውን እስከ ምንጩ እየገፋ፣ ምላሱን አውጥቶ ደረሰ፤ አፍሮ ራቅ ብሎ ቆመ።

"ና ጠጣ፣ አያ ነብሮ" አለው ከርከሮ። "ተራ ብቻ ጠብቅ፤ ልጆቹ ይቅደሙ።"

ነብሮ ተራውን ጠብቆ ጠጣና ጠየቀ፦ "ለመሆኑ ምን አድርገህ ነው ያሸነፍከኝ?"

"ጥቂት ጨመርኩ። ደግሞ ጥቂት ጨመርኩ። ከዚያ አበዛሁና መለስኩ።"

"መመለሱን ማንም አልነገረኝም!" ብሎ ነብሮ ወደ ጦጢት ዞረ። ጦጢት ግን ምንጩ ዳር ካለ ዛፍ ጫፍ ላይ ደርሳለች።

ስለዚህ ሰሚዎቼ፣ ዘግይቶ የተነሣ እሳት ይባክናል፤ ቸኩሎ የተነሣም ይፈነክታል፤ በጊዜው የተነሣ ግን ዳገት ያወጣል። ተረቴ አናቱ ላይ ደርሷል፤ ሞተሬን አጠፋሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የግቢያችን አጥር ከጋራዥ ጋር የተያያዘ ነው። እነሱ ሞተር አስነሥተው እሳቱን ሲያስተካክሉ እኔ ከአጥሩ ወዲህ ልብስ እያጠብኩ እሰማለሁ። ሲያበዙት በልቤ "መልሰው፣ ትንሽ መልሰው" እላለሁ። ብዙ ከደከሙ በኋላ ይመልሱታል፤ ድምፁም ይጠራል። በጆሮዬ ብቻ እንደማውቀው እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።