ሽቅብ የፈሰሰው ወንዝ

ተረት ተረት፣ የባሕር በረት።

በወንዝና ባሕር መገናኛ የምትኖር ጃርት፣ ከወንዙ ላይኛው ዳር ምጥ የያዛትን ልጇን ልታዋልድ ታንኳዋን አሰናዳች። ወንዙ ግን ቁልቁል ይጋፋል።

«እሜቴ፣ ልጅሽ እያማጠች ትጎለቻለሽ? እኔ ክንድ አለኝ፣ ቀዝፌ እወጣለሁ» ብሎ ጎረቤቷ ዝንጀሮ የራሱን ታንኳ ገፍቶ ሄደ።

ጃርት የዳሩን ነዋሪ ሸርጣንን እንዴት እንደምትወጣ ጠየቀችው።

«ባሕሩ ሞልቶ ጉድጓዴ ሲገባ ወንዙን ገፍቶ ሽቅብ ይመልሰዋል። እስከዚያ ጸልዪ» አላት።

ጃርትም ጸለየች። ውሃው ጉድጓዱን ሲሞላው ታንኳዋ ላይ ወጣች፤ ወንዙም እንደ ሙሽራ ተሸክሟት ሽቅብ ገሰገሰ። መንገድ ላይ ዝንጀሮ ክንዱ ዝሎ፣ የዛፍ ሥር ጨብጦ ሲያለከልክ አገኘችው።

«ና ግባ፣ አያ ዝንጀሮ። ክንድህን ለጭብጨባው አቆይልኝ» አለችው።

ስትደርስ እሾሁ ገና ያልጠጠረ የልጅ ልጇ እጇ ላይ ዱብ አለ። እልልታው ባሕሩ ድረስ ተሰማ።

ተረቴን ለባሕሩ መልሱ፣ አፌን በዓሣ አብሱ።