የስመኝ ቆብ

በአንድ ወቅት፣ ያውም ትናንት በሚባል ዘመን፣ ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝታ ነርስነት የምትማር ስመኝ የምትባል ልጅ ነበረች። ሦስተኛ ዓመት ላይ ሳለች «አባትሽ ከጣሪያ ወድቀው ወገባቸው ተጎዳ» የሚል ስልክ ደረሳት። እናት የላትም። ዊዝድሮዋል የሚባለውን የዕረፍት ቅጽ ሳትሞላ፣ የለበሰችውን እንደለበሰች መናኸሪያ ገባች። በዚያ ሰዓት ማን ቅጽ ያስባል?

ደንቡ ያስባላ! በአሥር ቀን ውስጥ በገዛ እጁ ያልፈረመ ተማሪ ዕድሉ ለተጠባባቂ ያልፋል።

የሬጅስትራሩ አቶ ሽባባው ደግሞ ደንብ ከሚያጎድሉ ጣታቸው ቢቆረጥ የሚመርጡ ሰው ናቸው። ተማሪው «ግንቡ» ነው የሚላቸው። በዘጠነኛው ቀን፣ ከዓመት ፈቃዳቸው ቀንሰው፣ ቅጹን በፌስታል ጠቅልለው፣ ከንጋት እስከ ማታ በአውቶቡስ ተጉዘው ደጇ ቆሙ። «ደንብ አላፈርስም፤ ፈርሚ» አሏት። ውሃ እንኳ ሳይጠጡ ሊመለሱ ነበር፤ ለምና አስቀመጠቻቸው።

ፊርማዋ ብቻውን አልበቃም። ቦታዋ ለአንድ ዓመት እንዲጠበቅላት ተጠባባቂዋም መስማማት ነበረባት። ተጠባባቂዋ ራድያ ናት፤ የስመኝ የልብ ጓደኛ፣ ጁስ ቤት እየሠራች ከፍላ የምትማር። ነጻው ቦታ ሲሰጣት «ባለቤት ያለው ወንበር ላይ አልቀመጥም» ብላ ፈረመች። በዚያው ዓመት ክፍያው ከብዷት እሷው ትምህርቷን አቋረጠች። ለስመኝ ግን ትንፍሽ አላለችም፤ ስመኝ የሰማችው ከሌላ ሰው ነው።

ዓመቱ አለቀ። አባት ግን አሁንም በሰው እጅ ነው የሚነሱት። ስመኝ በቃ ልትቀር ወሰነች። ይሄኔ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ዝናሽ ተነሡ። በአጥር ወሰን የተነሣ ከአባቷ ጋር ዘጠኝ ዓመት ተኳርፈዋል! አጥሩን በገጀራ ቆርጠው በዚያው ገቡ። «አንቺ ሂጂ! ጠቡ የእኔና የእሱ ነው፤ እያጎረስኩትም እጣላዋለሁ።» እንዳሉትም ሁለት ዓመት ሙሉ አጎረሷቸው፣ ተጣሏቸውም። አባት በከዘራ ቆሙ።

የምርቃቱ ቀን ደረሰ። እንደምታውቁት ተመራቂ ቆቡን አውልቆ ለባለውለታው ይደፋለታል፤ ፎቶው ዕድሜ ልክ ግድግዳ ላይ ይኖራል። ስመኝ መጀመሪያ ወደ አባቷ ሄደች። እሳቸው እንባቸውን እየጠረጉ እጇን መለሱ።

«እኔማ ያስቀረሁሽ ነኝ፤ ላስቀጠለሽ አድርጊለት።»

ዞር አለች። ሦስቱም መጥተዋል። አቶ ሽባባው ሰዓታቸውን ያያሉ፤ ራድያ እልልታዋን ታቀልጠዋለች፤ ወይዘሮ ዝናሽ አባትየውን «ቀጥ ብለህ ቁም!» እያሉ ይቆጣሉ። ስመኝ ልቧ በምስጋና ሞልቶ «ብድር መላሽ ያድርገኝ» አለች። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ይህ ቀን የለማ!

«ለሦስቱም በየተራ» የሚል ብልጥ መቼም አይጠፋም። ይሁን፤ ግን ተራውስ ከማን ይጀምራል? እስቲ ፍረዱ፦ ቆቡ መጀመሪያ የሚያርፈው በማን ራስ ላይ ነው?