ዳኝነት ያልተጠየቀበት ክስ

አንድ ሰው ነበረ፤ ፍርድ ቤት በር ላይ በጃንጥላ ሥር ተቀምጦ የሰው ክስ የሚጽፍ። ስሙን ክንፈ እንበለው። ሃያ ሁለት ዓመት ጽፏል። ውርስ የተካደው፣ ድንበር የተገፋው ሁሉ እሱ ዘንድ ይመጣና «ጋሽ ክንፈ፣ ጻፍልኝ» ይለዋል።

ይህ ለስንቱ አፍ የሆነ ሰው፣ እቤቱ ሲገባ ቃል ያጥረዋል። ሚስቱ ወይንሸት ትናገራለች፤ እሱ ዝም። እሷ ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች፤ እሱ ኮቱን አንስቶ ይወጣል። ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ገባ። አንዴ በእሷ ፈረደ፣ አንዴ በእሱ፣ በሦስተኛው በሁለቱም። ይቅር ተባባሉ። በሳምንቱ ዞሮ ዞሮ እዚያው።

በመጨረሻ እንፋታ ተባባሉ። ሴት ልጃቸው ናት እግራቸው ላይ ወድቃ «አንዲት የባልና ሚስት አማካሪ አለች፤ እሷን አይታችሁ ከዚያ እንደፈለጋችሁ ሁኑ» ያለቻቸው።

ክንፈ ምን ይዞ የሄደ ይመስላችኋል? ክስ። ሦስት ገጽ፣ በሁለት ኮፒ። ከሳሽ ክንፈ፣ ተከሳሽ ወይንሸት። አሥራ አንድ በደል በተራ ቁጥር። አትሳቁ። እናንተም ጽፋችኋል፤ ወረቀት ላይ አይሁን እንጂ።

አማካሪዋ ህሊና ትባላለች፤ የሴት ልጁ እኩያ ናት። እስከ መጨረሻው አነበበችው። ክንፈ ፍርዱን ጠበቀ።

«ጋሽ ክንፈ፣ ሰባተኛው ላይ 'መጋቢት አሥራ ሁለት ቀን አራት ጊዜ ደውዬ አላነሳችም' ይላል። የት ነበሩ?»

«ሆስፒታል። የልብ ምርመራ ውጤት እየጠበቅሁ።»

«ምን ተሰማዎት?»

ክንፈ ግራ ገባው። ይሄ ከክሱ ጋር ምን አገናኘው? ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ተናግሮ መገላገል አይደለም እንዴ?

«ሆስፒታል መሄድህን አልነገርከኝም» አለች አጠገቡ የተቀመጠችው ወይንሸት። «ያን ቀን ጠዋት ኮትህን አንስተህ ወጣህ። አኩርፌ ነው ያላነሳሁት። አባቴም እንዲያ ወጥቶ ነው የቀረው። ኮትህን ስታነሳ እንደሱ የማትመለስ ይመስለኛል፤ ለዚያ ነው የምጮኸው።»

የባሰ ግራ ገባው። እሱ የሚወጣው እኮ ጠቡ እንዳይከር ብሎ ነው። እሷ እንዳይሄድ ትጮኻለች፤ እሱ እንዳትጮኽ ይሄዳል። ታዲያ ጥፋተኛው ማነው?

ህሊና ወረቀቱን መለሰችለት። «አንድ ነገር ጎድሎታል። የሚጠይቁት ዳኝነት የታል?»

ክስ ያያችሁ ታውቃላችሁ። በደሉ ተዘርዝሮ ሲያልቅ፣ የሚጠየቅ ዳኝነት አለ፤ ቤቴ ይመለስልኝ፣ ቀለብ ይቆረጥልኝ ይባላል። እሱ ካልተጻፈ ዳኛው ምኑን ይስጥ? ክንፈ ይህን ለሺህ ሰው ጽፏል። ለራሱ አልጻፈም።

እስክሪብቶ አወጣ። ምን እንደሚጽፍ ጠፋው። እንድትቀጣለት ነው? አይደለም። እንድትሄድለት? እሱም አይደለም። ሃያ ስድስት ዓመት አብሯት ኖሮ ከእሷ የሚፈልገውን አያውቀውም። አፈረ።

«ስፈራ...» አለ፤ ትክክል ይሁን አይሁን ለራሱም ሳይገባው። «ስፈራ አጠገቤ እንድትሆኚ ነበር።»

ወይንሸት አለቀሰች። «እሱን ብትለኝ በእግሬ እመጣልህ አልነበር?»

በአንድ ቀን አልዳኑም፤ አልዋሻችሁም። ወራት ተመላለሱ። ክንፈ አሁንም ሲናደድ ኮቱን ያነሳል። ግን በሩ ላይ ቆም ብሎ «እስከ መንገዱ መታጠፊያ ደርሼ እመለሳለሁ» ይላታል። ይመለሳልም። ፍቺው ቀርቷል።

እናንተስ ወገኖቼ? «ቤቱን ሆቴል አደረግኸው» የምትዪው እህቴ፣ ምን ፈልገሽ ነው? ናፍቆሽ አይደለም? ታዲያ ናፈቅኸኝ ብለሽው ታውቂያለሽ? «ጭቅጭቅሽ ሰለቸኝ» የምትለው ወንድሜ፣ አልበቃኋትም ብለህ ፈርተህ እንደሆነስ? ነግረሃታል?

በደሉንማ ሁላችንም በቃላችን እንወጣዋለን። ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ግን ክሱን ከመጨረሻው ጀምሩት። የምትፈልጉትን ለባላችሁ፣ ለሚስታችሁ ንገሩ።